የመቀርቀሪያ ጥርስ፦ ሁለት፣ ሦስት ወይስ ዘጠኝ?

በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ መቀርቀሪያው ወደ ፊት ተገፍቶ እጀታው ወደ ታች ሲጫን፣ በመቀርቀሪያው ላይ ጎልተው የወጡት ጥርሶች አብረው ይዞራሉ። ዞረውም መቀርቀሪያው በሚመላለስበት የብረት ቤት ውስጥ ከተቆረጡላቸው ትከሻዎች ፊት ይቆማሉ። ባሩዱ ሲቀጣጠል ቀለሁ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቀለሁ መቀርቀሪያውን ይገፋል፣ መቀርቀሪያውም በጥርሶቹ አማካይነት ትከሻዎቹን ይገፋል። በተኳሹ ፊትና በፍንዳታው መካከል ያሉት እነዚህ ጥርሶች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሳው ክርክር ብዙውን ጊዜ በቁጥር ይጀመራል። ባለ ዘጠኝ ጥርሱ ከባለ ሁለቱ ይጠነክራል ይባላል። ነገር ግን የተቆረጡት ጥርሶች ቁጥር አንድ ነገር ነው፤ በተኩሱ ቅጽበት ጭነቱን የሚሸከሙት ቁጥር ደግሞ ሌላ። ንድፎችን ስናወዳድር መጠየቅ ያለብን ስንቱ ጥርስ በእርግጥ ትከሻውን እንደሚነካ፣ ጥርሶቹ ከቀለሁ ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ለመክፈትና ለመዝጋትስ እጃችን ምን እንደሚያስከፍሉን ነው።

ጭነቱ ስንት ነው?

የ.308 ዊንቸስተር ጥይት ከፍተኛ ግፊት በአውሮፓው የሲአይፒ (የጦር መሣሪያ መፈተሻ ተቋም) መስፈርት 415 ሜጋፓስካል ነው። የቀለሁ ግርጌ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግፊቱ በግርጌው ሙሉ ስፋት ላይ ያርፋል ብለን ብናሰላ ወደ 47 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 4.8 ቶን ጭነት እናገኛለን። ለ.338 ላፑዋ ማግነም ግርጌው 14.9 ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱ 420 ሜጋፓስካል ስለሆነ ጭነቱ ወደ 7.5 ቶን ይደርሳል። ከዚህ እንደሚታየው ግፊቱ እምብዛም ሳይለያይ የቀለሁ ውፍረት ብቻ ጭነቱን ከግማሽ በላይ ያሳድገዋል። ለወፍራም ጥይት የሚሠሩ ጠመንጃዎች ተጨማሪ ጥርስ ወይም ወፈር ያለ መቀርቀሪያ የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው።

እውነተኛው ጭነት ግን ከዚህ ያንሳል። አንደኛ፣ የቀለሁ የውስጥ ስፋት ከውጭው ይጠባል። ሁለተኛ፣ ቀለሁ በግፊቱ አብጦ የማጉረሻውን (ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ) ግድግዳ ሙጭጭ ብሎ ስለሚይዝ የጭነቱን የተወሰነ ክፍል ራሱ ይሸከማል። ማጉረሻው ወይም ጥይቱ ዘይት ከነካው ግን ይህ መያዝ ይላላና ጭነቱ ወደ ጥርሶቹ ይዞራል። ከጽዳት በኋላ ማጉረሻውን በደረቅ ጨርቅ አድርቁት የሚባለው ለወጉ አይደለም።

ይህን ጭነት ሁለት ጥርስ ይችለዋል? እያንዳንዱ ጥርስ ሥሩ ላይ 10 በ10 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ሁለቱ በአንድነት 200 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ 47 ኪሎ ኒውተን ሲካፈልላቸው በካሬ ሚሊ ሜትር 235 ኒውተን ይደርሳቸዋል። በአግባቡ የጠነከረ ቅይጥ አረብ ብረት ከመቆረጡ በፊት የዚህን ከእጥፍ በላይ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጥርስ ለተለመዱት ጥይቶች በቂ ነው፣ ግን ሁለቱም ሲሠሩ። አንዱ ብቻ ሲነካ ጭነቱ 470 ይሆንና የቀረው መተማመኛ ይሳሳል።

በታሪክ የታዩት ጉዳቶችም ይህንኑ ያስረዳሉ። የአሜሪካው ክራግ ዮርገንሰን ከፊት የነበረው ጥርስ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ የጥይቱን ፍጥነት ከፍ ለማድረግ ሲሞከር ጥርሱ መሰንጠቅ ጀመረ፤ የተሻሻለው ጥይትም ተመለሰ። ስፕሪንግፊልድ 1903 በበኩሉ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ መጠባበቂያ ጥርስ ነበረው። ቢሆንም በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከ800,000 በታች የመለያ ቁጥር ያላቸው ቤቶች ተሰባሪ በመሆናቸው ይጠረጠራሉ፤ ምክንያቱም የብረቱ ግለት በሠራተኛው ዓይን በቀለም እየታየ ይወሰን ስለነበር አንዳንዱ ከልክ በላይ ግሏል። አሠራሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ደህና የተሠራ ቅርጽ በእሳት የተበላሸ ብረትን አያድነውም።

የተቆረጠና የሚነካ

በዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሁለት ጥርስ እኩል እንዲነካ ሁለት የጥርስ ጀርባና ሁለት ትከሻ በጥቂት የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ መመሳሰል አለባቸው። ዘጠኝ ጥርስ በሦስት ረድፍ ሲደረደር፣ እንደ ዌዘርቢ ማርክ 5፣ ዘጠኝና ዘጠኝ ገጾች መመሳሰል አለባቸው፤ በዚያ ላይ በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት በመቀርቀሪያውም በቤቱም አንድ መሆን አለበት። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም ይነካሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂቶቹ ቀድመው ይነካሉ፣ እነርሱ በጭነቱ ትንሽ ሲያጎነብሱ የቀሩት ይደርሳሉ። ብረት ስለሚለጠጥ ይህ በራሱ አደጋ አይደለም። ነገር ግን «ዘጠኝ እጥፍ» የሚለውን ሒሳብ ያፈርሰዋል።

ባለ ሦስት ጥርስ መቀርቀሪያ፣ ሳኮ ቲአርጂ ወይም ብራውኒንግ ኤ-ቦልት ላይ እንዳለው፣ አንድ የተፈጥሮ ብልጫ አለው፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ቢወላገድም እንደማይንገዳገድ፣ ሦስት ጥርስም ሦስቱም ትከሻውን ማግኘት ይቀለዋል። ሁለት ጥርስ ግን በሁለቱ መካከል ባለው መስመር ላይ ሊወዛወዝ ይችላል።

የዚህ መወዛወዝ ዋነኛ ምንጭ ደግሞ ብዙ ሰው የማይገምተው ምላጩ ነው። ጠመንጃው ተቀባብሎ ሲቆይ የጥይቱን ካፕሱል መትቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መርፌ ጭራ በምላጩ መያዣ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። መያዣው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ያጋደለ ገጽ ስላለው የመርፌው ሞላ ወደ ፊት ሲገፋ ጭራው ወደ ላይ ይነሳል፣ የመቀርቀሪያውንም ኋላ ይዞት ይነሳል። መቀርቀሪያው በቤቱ ውስጥ ክፍተት ካለው ኋላው ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ ታች ያጋድላል። እንደ ማውዘር 98 ወይም ሬሚንግተን 700 ጥርሶቹ ሲቆለፉ አንዱ ላይ አንዱ ታች በሚሆንበት ንድፍ ይህ ማጋደል የላይኛውን ጥርስ ከትከሻው ያላቅቀዋል። ተኩሱ ሲፈነዳ መጀመሪያ የታችኛው ብቻ ይሸከማል፣ ከዚያ የላይኛው በምት ይደርሳል። ይህ ምት ከተኩስ ተኩስ አንድ ዓይነት ካልሆነ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች ይበተናል።

ማውዘር 98 ላይ ሌላም ነገር ይደረባል። የቀለህ ማስፈንጠሪያው ምላስ የሚያልፈው በአንደኛው ጥርስ መሃል በተሰነጠቀ ቦይ ሲሆን፣ ያ ጥርስ ሲቆለፍ የላይኛው ነው። ማጋደሉ የሚያላቅቀው የተሰነጠቀውን ጥርስ ስለሆነ፣ ያልተሰነጠቀው የታችኛው ጥርስ መጀመሪያ መሸከሙ ዕድል ነው ማለት ይቻላል። በሞሲን ናጋንት ግን ጥርሶቹ ሲቆለፉ ግራና ቀኝ ተጋድመው ይቆማሉ። የመቀርቀሪያው ኋላ ወደ ላይ ቢነሳም ማጋደሉ በጥርሶቹ መስመር ላይ ስለሚሆን ሁለቱም እንደነኩ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣ ሻካራ ጠመንጃ ነው እየተባለ የሚናቅ ንድፍ፣ በዚህ በኩል ከብዙ ዘመናዮች ይሻላል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክፍተቱን ማጥበብ ነው፤ የመቀርቀሪያውን አካል ከጥርሶቹ ጋር እኩል አወፍሮ በክብ በተቦረቦረ ቤት ውስጥ ማስኬድ። ዌዘርቢ ማርክ 5 የሄደበት መንገድ ይህ ነው። ሁለተኛው ክፍተቱን መቀበል ነው። ሳቬጅ 110 የመቀርቀሪያው ራስ ከአካሉ ተለይቶ በመስቀለኛ ፒን ተይዞ ትንሽ እንዲወዛወዝ ተደርጓል። የኋላው አካል ቢያጋድል ራሱ በትከሻዎቹ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት ሳቬጆች ብዙ ጊዜ ከዋጋቸው በላይ አልመው የሚመቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መንካቱን ማየት

ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ መቀርቀሪያው ይወጣል፣ መርፌውና ሞላው ይፈታሉ። ሞላው እንዳለ ከተሞከረ የሚታየው የሞላው ግፊት እንጂ የጥርሱ መግጠም አይደለም። የጥርሶቹ ጀርባና ትከሻዎቹ በአልኮል ወይም በአሴቶን ይጸዳሉ። የጥርሶቹ ጀርባ በሰማያዊ የብረት ማርኪያ ቀለም ወይም በወፍራም ጥቁር ማርከር ስስ ተደርጎ ይቀባል። መቀርቀሪያው ገብቶ፣ ከፊት በኩል ወደ ኋላ እንዲገፋ ተደርጎ (ማጉረሻው ውስጥ ልክ የሚሞላ ጌጅ፣ ማለትም በጥይት ቅርጽ የተሠራ መለኪያ ብረት፣ ሊገባ ይችላል)፣ እጀታው አሥር ጊዜ ያህል ይከፈታል ይዘጋል። ከወጣ በኋላ ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ የነካው ነው።

ሁለቱም ጥርሶች ከግማሽ በላይ ስፋታቸው ከተፋቀ ጠመንጃው ሥራውን ይሠራል። አንዱ ጨርሶ ቀለሙ እንዳለ ከቀረ ችግር አለ። ከዚህ በኋላ ብዙዎች የሚቸኩሉት ወደ ማፋቂያ ቅባት ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ከጥርሱ ወይም ከትከሻው የሚነሳው እያንዳንዱ 0.02 ሚሊ ሜትር በቀጥታ በቀለሁና በመቀርቀሪያው ፊት መካከል ባለው ርቀት ላይ ይጨመራል። ለ.308 ዊንቸስተር መቀርቀሪያው ሊዘጋበት በሚገባው «ጎ» ጌጅ (41.40 ሚሊ ሜትር) እና ሊዘጋበት በማይገባው «ኖ ጎ» ጌጅ (41.50 ሚሊ ሜትር) መካከል ያለው ጠቅላላ ልዩነት 0.10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጠመንጃው ቀድሞውኑ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ካለ የሚፋቅ ነገር አልተረፈም፤ ማፋቅ የሚቻለው አፈሙዙ ተፈቶ እንደገና በልክ የሚገጠም ከሆነ ነው።

በድሮ ማውዘሮች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቤቱ ለስላሳ ካርቦን አነስ ያለ ብረት ሲሆን፣ የጠነከረው ከላይ ያለው ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ማፋቂያው ቅርፊቱን ከጨረሰ በኋላ ጥርሱ ለስላሳ ብረት ላይ ያርፋል፣ በየተኩሱም ትከሻውን እየጨፈለቀ ይገባል። ለውጡን የሚሠራው ሰው ወዲያው አያየውም፤ ከመቶዎች ተኩስ በኋላ ነው የሚወጣው።

ጥርሱ ትከሻው ውስጥ ጎድጓዳ እንደቆፈረ የሚያሳብቅ አንድ ምልክት አለ፦ ባዶ ጠመንጃ ላይ እጀታው ለመነሳት መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። ጥርሱ ከጎድጓዳው ለመውጣት መውጣጫ መውጣት አለበትና። በማውዘር 98 ደግሞ ሦስተኛው፣ ከኋላ ያለው መጠባበቂያ ጥርስ በተለመደው ሁኔታ ምንም አይነካም፤ ክፍተት ተትቶለት ነው የተሠራው። እሱ ላይ አዲስ የመፋቅ ምልክት ከታየ የፊተኞቹ ወደ ኋላ ሸሽተዋል ማለት ስለሆነ ጠመንጃው ለመተኮስ አይበቃም።

የእጀታው ማዕዘን

በአንድ ዙር ላይ እኩል ተራርቀው የተቀመጡ ጥርሶች ለመውጣት የሚፈልጉት ማዞር 180 በቁጥራቸው ሲካፈል ነው። ሁለት ጥርስ 90 ዲግሪ፣ ሦስት ጥርስ 60 ዲግሪ። የዌዘርቢ ዘጠኙ ሦስት በሦስት ስለተደረደሩ ዙሩ የሚሰላው በሦስት ነው፤ በተግባር 54 ዲግሪ ነው። ቲካ ቲ3 ሁለት ጥርስ ይዞ 70 ዲግሪ ላይ ስለሚከፈት ቀመሩ ሕግ ሳይሆን መነሻ መሆኑን ያሳያል፤ ጥርሱ ከመተላለፊያው ከጠበበ ማዞሩ ያንሳል።

አጭር ማዞር ይወደዳል። እጀታው ከላይ ከተገጠመው መነጽር በታች በሰፊው ያልፋል፣ እጅም ብዙ አይንቀሳቀስም። ዋጋው የሚከፈለው በጡንቻ ነው። ሲከፈት በሚቀባበል ጠመንጃ መርፌው የሚጎተትበት ርቀትና የሞላው ጥንካሬ በጥርስ ቁጥር አይለወጡም። ያው ሥራ በ90 ዲግሪ ፋንታ በ60 ሲሠራ የሚያስፈልገው ኃይል በአማካይ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ባለ ሦስት ጥርስ ጠመንጃን ትከሻ ላይ እንዳለ ለመክፈት ሲሞከር ጠመንጃው ከዒላማው ዞር የሚለው በዚህ ነው። አምራቾች ይህን የሚያካክሱት እጀታውን በማስረዘም፣ መንሸራተቻውን ተዳፋት በማለስለስ ወይም የሞላውን ጉዞ በማሳጠር ነው። የመጨረሻው አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም መርፌው በደከመ ቁጥር በብርድ ጊዜ ካፕሱሉ ሳይፈነዳ ይቀራል።

ሌላው ኪሳራ ቀለህ መንቀል ላይ ነው። እጀታው በሚነሳበት የመጨረሻ ክፍል ላይ የእጀታው ሥር በቤቱ ላይ ባለ ተዳፋት ተንሸራትቶ መቀርቀሪያውን ጥቂት ወደ ኋላ ይስባል፤ የተጣበቀ ቀለህ የሚላቀቀው በዚህች ጉልበት ነው። ማዞሩ ሲያጥር ተዳፋቱ ወይ ይቆማል ወይ ያጥራል። ንጹሕ ማጉረሻና ጤናማ ጥይት ካለ ልዩነቱ አይታወቅም። ሙቀት፣ አቧራ ወይም የጋለ ጥይት ሲመጣ ግን የባለ ሁለት ጥርሱ 90 ዲግሪ የተጠላበት ርዝመት ይመሰገናል።

ከኋላ የሚቆልፉ

ሊ ኤንፊልድ ጥርሶቹን ያስቀመጠው ከመቀርቀሪያው ኋላ ነው። ጥርሶቹ ከጥይቱ ጋር ወደ ፊት ስለማይጓዙ መቀርቀሪያው የሚጎተትበት ርቀት ያጥራል፤ ማዞሩም 60 ዲግሪ ነው፤ የሚቀባበለውም ሲዘጋ ስለሆነ መክፈቱ አይከብድም። በፍጥነቱ ስሙ የወጣው በእነዚህ ሦስቱ ነው። ማጉረሻው አጠገብ የጥርስ ጎድጓዳ ስለሌለ ለጽዳትም ይቀላል።

ድክመቱ የሚታየው በመለጠጥ ነው። ጭነቱ ከቀለሁ እስከ ጥርሱ ባለው የመቀርቀሪያ ርዝመት ሁሉ ያልፋል። መቀርቀሪያው 17 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በመሃሉ 8 ሚሊ ሜትር የመርፌ ቀዳዳ አለው እንበል። የ47 ኪሎ ኒውተን ጭነት 150 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ሲያርፍ መቀርቀሪያው ወደ 0.19 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። ጥርሶቹ 15 ሚሊ ሜትር ላይ ቢሆኑ 0.02 አይሞላም ነበር። የቤቱ መለጠጥ ደግሞ በላዩ ይጨመራል። ጭነቱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቀለሁ ግን ተለጥጦ ይቀራል።

ለአንድ ጊዜ ተኩስ ይህ ምንም አይደለም። ቀለህን ደጋግሞ ለሚሞላ ሰው ግን ወሳኝ ነው። በየተኩሱ ቀለሁ ከግርጌው ጥቂት ከፍ ብሎ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ዙሪያውን ተቆርጦ ግማሹ ማጉረሻ ውስጥ ይቀራል። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ከግርጌው በላይ የሚታይ ደማቅ ቀለበት ነው። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በቀለሁ አፍ አስገብቶ የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ መጎተት ይቻላል፤ ሽቦው ጎድጓዳ ላይ ከተንቀጫቀጨ ያ ቀለህ ይጣላል።

ከኋላ መቆለፍ አልሞ መምታትን ያበላሻል የሚለው አባባል ግን አይጸናም። የኦስትሪያው ሽታይር ኤስኤስጂ 69 ከኋላ በስድስት ጥርስ እየቆለፈ የታወቀ የአነጣጣሪዎች ጠመንጃ ሆኗል። ሬሚንግተን 788ም ዘጠኝ ጥርሶቹን ከኋላ ይዞ በትክክለኛነቱ ይመሰገን ነበር።

ቀጥታ የሚጎተቱ

እጀታው ሳይነሳ በቀጥታ በሚጎተቱት ላይ ጥርሱን የሚያዞረው የውስጥ ተዳፋት ነው። የካናዳው ሮስ ማርክ 3 ጥርሶቹ እንደ ተቆራረጠ የብሎን ፊሌቶ ነበሩ፤ ጠንካራ፣ ግን ቆሻሻ የማይችሉ። የመቀርቀሪያው ማቆሚያ በየጉተታው ከጥርሶቹ የአንዱን ጀርባ እየመታ ስለሚያሳብጠው፣ ያበጠው ጥርስ ተመልሶ ቦታው አልገባ ይል ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ መቀርቀሪያው በተሳሳተ መልኩ ሲገጣጠም ሳይቆለፍ መተኮስ መቻሉ ነበር። ብላዘር አር8 ጥርስ የሚባለውን ጨርሶ ትቶ የተሰነጣጠቀ ቀለበት ወደ ውጭ እየተከፈተ አፈሙዙ ውስጥ ባለ ቦይ እንዲነክስ አድርጓል። ጭነቱ አፈሙዙ ላይ ስለሚያልቅ ቤቱ ከአሉሚኒየም ሊሠራ ይችላል።

ቅባትና መለዋወጥ

በጥርሶቹ ጀርባ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግራሶ በቂ ናት፤ በተለይ መቀርቀሪያውም ቤቱም ማይዝግ ብረት ከሆኑ ደረቅ ማስኬድ ብረቱን እርስ በርስ ያነካክሰዋል። የበዛ ግራሶ አሸዋ ይሰበስባል፣ ወደ ማጉረሻም ይፈሳል። ጥርሶቹ የሚዞሩበትን ጎድጓዳ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ጥርሱ በበዛ ቁጥር እዚያ የሚደበቀው የባሩድ ጥላሸት ይበዛል። እጀታው የመጨረሻዋን ጥቂት ዲግሪ አልወርድ ካለ መፍትሔው በመዳፍ መምታት አይደለም፣ ጎድጓዳውን ማየት ነው። የጥርሱ ሥር ከመቀርቀሪያው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ከታየችም በቀይ የስንጥቅ መፈለጊያ ፈሳሽ ይፈተሻል። የተሰነጠቀ ጥርስ አይበየድም፤ ብየዳው በእሳት የተገኘውን ጥንካሬ ይገድለዋል፣ መቀርቀሪያው ይጣላል።

መቀርቀሪያን ከአንድ ጠመንጃ ወደ ሌላው ማዛወር ጥንቃቄ የሚጠይቀውም ከዚህ የተነሳ ነው፦ ጥርሱና ትከሻው አብረው ተፋቅተው ተላምደዋል። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም በ«ጎ» እና በ«ኖ ጎ» ጌጅ ሳይለካ አይተኮስም፤ ሲለካም መርፌው፣ የቀለህ መንጠቆውና ማስፈንጠሪያው ወጥተው፣ እጀታው በሁለት ጣት ብቻ እየተገፋ ነው። ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ለዚህ ልክ ከ0 እስከ 3 የተቆጠሩ ተለዋጭ የመቀርቀሪያ ራሶች ነበሩት፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ራሱ ይረዝማል፣ ኖ ጎ ጌጁ ላይ የሚዘጋው ጠመንጃ ቀጣዩ ቁጥር ይገጠምለታል። 3 ቁጥር ተገጥሞም ከዘጋ ግን ያረጁት ጥርሶቹ ወይም ትከሻዎቹ ናቸው።